እናቴ የቆጠረችልኝ ዘመድ

በሬዲዮ የእግር ኳስ ጨዋታ ሳስተላልፍ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ሰዎች «እንዴት ገባህ?» ብለው ሲጠይቁኝ «ተወዳድሬ» እያልሁ እመልስ ነበር። መወዳደሩንስ ተወዳድሬአለሁ፤ የገባሁት ግን በዘመድ ነው። ያውም እናቴ ቆጥራ ባገኘችው ዘመድ። ይህን ለባለቤቴ የነገርኋት ከተጋባን ከዓመት በኋላ ነው፤ እሷም «ታዲያ በዘመድ ያልገባ ማን አለ?» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔን ግን ዓመታት ሲቆጠቁጠኝ ኖረ።

ነገሩ የጀመረው በጃንሆይ ጊዜ፣ ንፋስ መውጫ ስምንተኛ ክፍል ስማር ነው። የዚያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል እንደ ዛሬው እንዳይመስላችሁ። ግማሾቻችን ጢም ነበረን፤ አንዱ የክፍል ጓደኛዬማ ስንቅ የምታመላልስለት ሚስቱ ነበረች። እኔም ሃያ ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ነበር የቀሩኝ። የእናቴ ቤት አርብ ገበያ አጠገብ ስለሆነ፣ ስንቄ ሲያልቅ ወደዚያ እወርድ ነበር።

ንፋስ መውጫ ውስጥ ትራንዚስተር ሬዲዮ ያለው አንድ ነጋዴ ነበር። ሬዲዮዋን ሱቁ ደጃፍ ላይ አስቀምጦ ድምፅዋን ከፍ ያደርጋታል፤ ጨውና ጋዝ ልንገዛ የሄድን ሁሉ ተገትረን እንሰማለን። አንድ እሑድ ከአዲስ አበባ የኳስ ጨዋታ ሲተላለፍ ደረስሁ። አንድ ሰውዬ ትንፋሹ እስኪቆራረጥ ይናገራል። ኳሷ እገሌ ዘንድ ናት፣ ለእገሌ አሻገረለት፣ ወደ ቀኝ ዞረ፣ መታ! እኔ ስታዲየም የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን አየሁት። ጨዋታው ሲያልቅ ጨው ሳልገዛ ተመለስሁና ያከራየችን ሴትዮ ለሁላችንም ጨው የሌለው ሽሮ አበላችን።

ከዚያን ቀን ወዲህ አፌ አልዘጋ አለ። ተማሪ ቤት ኳስ ሲጫወቱ ከመስመሩ ውጭ ቆሜ አስተላልፋለሁ። ሁለት ወይፈኖች ሲዋጉ አስተላልፋለሁ። የሒሳብ መምህራችን ጥቁር ሰሌዳውን ሲያጠፉ በሹክሹክታ «መምህሩ በግራ ክንፍ ወረዱ፣ መሐል ገቡ፣ ሰባት ቁጥርን አለፏት» ስል ሰሙኝና ውጭ ፀሐይ ላይ አንበረከኩኝ። ተንበርክኬም የጉልበቴን ሁኔታ አስተላለፍሁ።

አሁን ስለ እናቴ ልንገራችሁ። እናቴ አልቃሽ ነበረች። ከታች ጋይንት እስከ ስማዳ ትልቅ ሰው ሲሞት እሷ ካልተገኘች ለቅሶው አይደምቅም። ሟቹን በሕይወቱ አይታው ባታውቅም፣ ከቤተሰቡ ጋር ጥቂት ታወራና ትነሣለች። ሙሾዋን ስታወርደው ሰውዬው በቅሎው ላይ ሆኖ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ውሻውን እየተቆጣ በደጁ ሲገባ ታያለህ። እሷ ግጥሙን ስታነሣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ይቀበሏታል፤ አልቃሽ አንሥታ ዝም ማለት ሟቹን መናቅ ነውና የሰማ ሁሉ ይቀበላል። እኔ በዚህ ሥራዋ አፍር ነበር። ተማሪ ነኛ! ሱሪ ለብሻለሁ፣ እንግሊዝኛ እቆጥራለሁ፤ የአልቃሽ ልጅ መባል ጨርሶ አልወደድሁትም።

ሥራዋ ሌላም ጣጣ ነበረበት። አልቃሽ የሟቹን አባት፣ አያትና ቅድመ አያት ካላወቀች አፏን መክፈት ስለማትችል፣ እናቴ የአገሩን ዘር ሁሉ ይዛው ነበር። ማንንም ሰው ቁጭ አድርጋ ሰባት ቤት ስትቆጥርበት ወይ ከእሷ ጋር፣ ወይ ከምታውቀው ሰው ጋር ሳታዛምደው አትነሣም። አንድ ጊዜ ግብር ሊሰበስብ የመጣ ሰው ዘመድ ሆኖ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ግብሩን ረስቶት ሄዷል።

አንድ ቅዳሜ ለስንቅ ስወርድ ምን መሆን እንደምፈልግ ነገርኋት።

«ሬዲዮ ላይ ሆኜ፣ ጨዋታውን ላላዩት ሰዎች የሆነውን ሁሉ እንዳዩት አድርጌ እነግራለሁ» አልሁ።

«ምን ሆነና?»

«ማን ገባ፣ ማን ወደቀ፣ ማን አሸነፈ፣ እንዴት ሆነ፤ እንዲህ ያለውን ነዋ።»

እናቴ ስትፈትለው የነበረውን እንዝርት አስቀመጠች። «እኔስ ታዲያ ምን ስሠራ ነው የኖርሁት?» አለችኝ።

እንዴት እንደተናደድሁ! «እምዬ፣ ይኼ ዘመናዊ ሥራ ነው» አልሁና ስንቄን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

ብዙም ሳይቆይ ትልቅ ወሬ መጣ። የእስቴ ከተማ ወደሆነችው መካነ ኢየሱስ ከአዲስ አበባ ሬዲዮ ጣቢያ አንድ ሰው የአገር ዘፈን በቴፕ ሊቀዱ ይመጣሉ። በዚያው ሰሞን የጋይንትና የእስቴ ተማሪዎች ኳስ ይጋጠማሉ። የሬዲዮው ሰው ደግሞ ለስፖርት ክፍላቸው አንድ ወጣት እየፈለጉ ስለሆነ፣ ጨዋታውን አሳምሮ ያስተላለፈውን ይዘውት ይሄዳሉ ተባለ። ከእኛ ተማሪ ቤት እኔ ተመረጥሁ። መምህራኑ ሌላ ተወዳዳሪ አልፈለጉም፤ ብሄድላቸው ደስ ይላቸው ነበር። እኔ ግን ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ካለፍሁ አለፍሁ፤ ካላለፍሁ ዘጠነኛ ክፍል የምማርበት አቅም አልነበረንም፤ የሚጠብቀኝ ሞፈርና ቀንበር ነበር። ወይፈን ማስተላለፍ እንጂ በወይፈን ማረስ አልችልበትም።

እናቴ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ የጠየቀችው «ሰውዬው የማን ልጅ ናቸው?» ብላ ነው።

«አላውቅም። ማወቅም አልፈልግ። እምዬ፣ በእመቤታችን ይዤሻለሁ፣ ዘመድ እንዳትቆጥሪ! እኔ የምወዳደረው በችሎታዬ ነው።»

«ችሎታህን ማን ቀማህ? አንተ ችሎታህን ያዝ፤ እኔ ዘመድ እይዛለሁ።»

«አትመጪም በቃ!»

«መካነ ኢየሱስ ገበያ አለ» አለች እንዝርቷን እያሾረች። «ገበያ መውጣት ተከለከለ እንዴ?»

በስማዳ አድርገን ሁለት ቀን በእግር ሄድን። በበቅሎ የተጓዘችው ኳሷ ብቻ ነበረች። መካነ ኢየሱስ ስንደርስ ሜዳው ሰው ሞልቶበታል፤ ከበላዩ ደግሞ ገበያው ተዘርግቷል። ሜዳውን ለጨዋታው የፈቀዱትና እንግዳውን ያሳረፉት አንድ ግራዝማች ናቸው፤ በዳስ ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎላቸው ከሬዲዮው ሰው ጋር ተቀምጠዋል። የሬዲዮው ሰው ቀጭን፣ መነጽር ያደረጉ፣ ኮት የለበሱ ናቸው። ከጎናቸው ጥቁር የፀሐይ መነጽር ያደረገ ወጣት ቆሟል። ተወዳዳሪዬ ነው። ጎንደር የተማረ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ የግራዝማቹ የእህት ልጅ። 

የድምፅ ማጉያው ቀጥቃጭ ከቆርቆሮ የሠራው ትልቅ ጥሩንባ ነበር። የመጀመሪያው አጋማሽ ለእህት ልጅ፣ ሁለተኛው ለእኔ ተባለ።

የእህት ልጅ ጥሩንባውን ተቀበለና ከኪሱ ወረቀት አወጣ። «ክቡራንና ክቡራት» ብሎ ጀመረ። ግራዝማቹን በሙሉ ማዕረጋቸው አመሰገነ። የግራዝማቹን ባለቤት አመሰገነ። አለቃውን፣ መምህራኑን፣ ዳኛውን፣ የዳኛውን ፊሽካ ሳይቀር አመሰገነ። ምስጋናው ሳያልቅ እስቴ አንድ ጎል አገባ። ሕዝቡ «አገባ! አገባ!» እያለ ሲጮህበት ወረቀቱን ቀና አድርጎ አየና፣ «እሱ ጋ እንደርሳለን» አለ። ዳኛው ለዕረፍት ሲነፋ እሱ «እነሆ ጨዋታው ሊጀመር ነው» ከሚለው ደርሶ ነበር። የሬዲዮው ሰው ሰዓታቸውን ሦስት ጊዜ ሲያዩ ቆጥሬአለሁ።

ተራው የእኔ ሆነ። ጥሩንባውን አፌ ላይ አደረግሁ፤ ኳሷ ስትንቀሳቀስ ምላሴ ራሱን ችሎ ሄደ። ማን ያዘ፣ ማን ቀማ፣ የማን ተረከዝ በእሾህ ተወጋ፣ ሁሉን አልሁ። ጋይንት አንድ አግብቶ እኩል ሲሆን ገበያ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ጮኸ። በዓይኑ አላየም፤ ከእኔ ሰምቶ ነው። የሬዲዮው ሰው መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እኔ ዞሩ። ልቤ አበጠች።

በረኛችን ከእኛ ጋር የሚማር የስማዳ ሰው ነበር። ቁመቱ ከጎሉ አግዳሚ እንጨት የሚደርስ፣ በክፍሉ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ መንደሩ ሁሉ የሚመካበት። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አንድ ቀጭን የእስቴ ልጅ ኳሷን ቀስ አድርጎ ገፋት። ተገፋች፣ ተንከባለለች፣ በበረኛው እግሮች መሐል ሄዳ ገባች። በረኛው ጎንበስ ብሎ በእግሮቹ መሐል ወደ ኋላ እያየ ቀረ።

ያኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም። ሐዘኑ ከአንጀቴ ነበር። ድምፄ ወረደና፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በጆሮዬ ሲፈስ የኖረው ዜማ በቆርቆሮው ጥሩንባ ወጣ፦

በር ጠባቂው ጀግና ምነው ዝም አለሳ፣
በግሩ መካከል አለፈችው ኳሷ።

በእኛ አገር ጥሩንባ የሚነፋው ለመርዶ ነው። ጥሩንባው አለ፣ ዜማው አለ፣ «ጀግና» ተብሏል፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? መጀመሪያ ከሜዳው ዳር ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና «ወየው! ወየው!» እያሉ ተቀበሉኝ። ቀጥሎ ገበያው እንዳለ ተነሣ። ቅቤ ሻጯ ቅሏን፣ እህል ሻጩ ቁናውን ጥሎ ደረቱን እየመታ ወረደ። ዳኛው ፊሽካውን ዋጠ ማለት ይቻላል። ተጫዋቾቹ ቆብ ያደረጉት አወለቁ።

«ማነው የሞተው?» ይላሉ የኋላዎቹ።

«በረኛው!»

«የት ወድቆ?»

«ያው ቆሟል!»

አንድ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው በረኛው ዘንድ ደረሱና «እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ፣ ምንህ ነው?» አሉት። እሱም ደንግጦ ስለነበር «እኔ ነኝ አባ» አላቸው። ከስማዳ የመጣች አክስቱ እላዩ ላይ ተጠምጥማ፣ ሕያው ሰው አቅፋ፣ ስለ እሱ ሞት አለቀሰች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሴቶቹ መሐል አንድ የማውቀው ድምፅ ሁለተኛውን ግጥም አነሣ። እናቴ ነበረች። ልጇ አንሥቶ እሷ ዝም ልትል ኖሯል?

ነገሩ እስኪበርድ ጨዋታው አበቃ። የሬዲዮው ሰው ከሳቅ ብዛት እንባቸው ይወርድ ነበር፤ ይህን ያዩ ሰዎች ሐዘንተኛ መስለዋቸው ዙሪያቸውን ከበው ያጽናኗቸዋል። ግራዝማቹ ግን ፊታቸው ጠቁሯል።

«በእኔ ሜዳ ላይ፣ በደስታ ቀን፣ የሰው መርዶ!» አሉ። «ይኼ ሟርተኛ ወደ ጋይንቱ ይመለስ። ከእንግዳችን ጋር የእህቴ ልጅ ይሄዳል። ምሳ ይቅረብ።»

ዳሱ ጥግ ቆሜ ሰማሁት።  የሬዲዮው ሰው እንዴት እንቢ ይበሉ? የበሉት የግራዝማቹን፣ ያደሩት በግራዝማቹ ቤት ነው። እንጀራውን እየቆረሱ መልሰው ያስቀምጡታል። እኔም ሞፈሩ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ።

ያን ጊዜ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ገባች። በእግሬ ስር መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ። ለግራዝማቹ እጅ ነሥታ የእኔ እናት መሆኗን ተናገረችና ወደ እንግዳው ዞረች።

«ጌታዬ፣ ድፍረት ባይሆንብኝ፣ መልክዎ አላስቀምጥ አለኝ። አያትዎ ማን ይባሉ ነበር?»

ሰውየው ጉርሻቸውን ይዘው ቆዩ። እናቴን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው አንድ ስም ጠሩ።

«አላልሁም!» አለች እናቴ እጇን እያጨበጨበች። «እኒያ በግንባረ ነጯ ቦራ በቅሎ የሚሄዱት! ግራ ትከሻቸውን ዘንበል አድርገው! ሲቆጡ የማይጮኹ፣ ሲስቁ አገር የሚሰማ!» ከዚያ ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። የእሳቸው አያት እህት የእገሌ ሚስት፣ እገሌ የወለዳት ደግሞ የእናቴ የቅድመ አያቷ ምን፤ አምስተኛው ጣት ላይ ስትደርስ «እርስዎ» ማለቱን ተወችና «ታዲያ አንተዬ፣ የሥጋ ዘመዴ ሆነህ እንደ ባዳ እጅ ልነሣህ ኖሯል?» አለቻቸው።

የሬዲዮው ሰው ከምንጣፉ ተነሡ። «እትዬ!» ብለው አቀፏት። ዳሱ ውስጥ የነበረው ሁሉ እሰይ አለ። እቅፏ ውስጥ እንዳሉ በትከሻዋ ላይ ወደ ግራዝማቹ አይተው፣ «እንግዲህ ምን ላድርግ ጌታዬ፣ ልጁ የሥጋ ዘመዴ ሆኖ ተገኘ» አሉ።

 «ዘመድ ከሆነማ» አሉ ግራዝማቹ፣ «ሰው የገዛ ሥጋውን ትቶ የእኔን ልጅ ይውሰድ ብል ነውር ነው።» የእህት ልጅም ጥቁር መነጽሩን አውልቆ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። መልካም ልጅ ነበር፤ እንደሚመስለኝ እሱም ተገላግሎ ነው።

እኔ ግን ደስ አላለኝም። የሬዲዮው ሰው የመጡበት ላንድሮቨር ሊነሣ ሲል እናቴ ልትስመኝ ስትመጣ ጉንጬን ብቻ ሰጠኋት።

«ለመንሁሽ አይደል? ዕድሜ ልኬን በዘመድ ገባ ሊሉኝ ነው።»

«ይበሉሃ» አለች። «ገብተህ አይደል የሚሉህ?»

መስኮቱን ዘጋሁባት። ዛሬም ያን መስኮት ሳስበው እጄን መቁረጥ ያምረኛል።

አዲስ አበባ እንደ በሬ ሠራሁ። በዘመድ የገባ ሰው የሚያወራው ሁሉ ስለ እሱ ይመስለዋልና፣ ቢሮ ውስጥ ሁለት ሰው ከሣቀ የእኔ ወሬ ነው እላለሁ። ሌላው አንድ ጨዋታ ሲያይ እኔ ልምምዱን፣ የሕፃናቱን ሁሉ አያለሁ። የተጫዋቾቹን ስም ከነአባታቸው፣ ከነአገራቸው እይዛለሁ። አድማጭ ወደደኝ። እኔ ግን በየዓመቱ ለበዓል ስወርድ «በአንቺ ቆጠራ» እያልሁ እናቴን እወጋት ነበር። እሷም ትስቅና «እሺ ልጄ» ትላለች።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ገና በጃንሆይ ጊዜ፣ እናቴ ሞተች። መርዶው ደርሶኝ አርብ ገበያ ስገባ ተቀብራ ነበር። ለቅሶው ቤት ሰው ሞልቶበታል፤ ግን ጭር ብሏል። የሁሉን ሟች የምታነሣው እሷ ነበረች፤ እሷን የሚያነሣ ጠፋ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እንዳሰሩ እርስ በርስ ይተያያሉ።

በሦስተኛው ቀን የሬዲዮው ሰው መጡ። ያን ሁሉ መንገድ፣ የመጨረሻውን በእግር። ሽማግሌዎቹ የሥጋ ዘመድ ናቸው ብለው ከሐዘንተኛው ተርታ አስቀመጧቸው። ሲመሻሽ አጠገቤ ጠጋ አሉ።

«አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ የጋይንት ሰው አይደለሁም። የተወለድሁት ሐረርጌ ነው፤ አያቴን አላውቀውም።»

«እናቴ የቆጠረቻቸውስ?»

«እሱ አዲስ አበባ ጠጉሬን የሚያስተካክለኝ ሰውዬ ስም ነው። ስትጠይቀኝ አፌ ላይ የመጣው እሱ ሆነ።» ፈገግ አሉ። «ጠጉር አስተካካዩን በቦራ በቅሎ ላይ አስቀመጠችልኝ። ግራ ትከሻውን አዘነበለችልኝ። እስከ ዛሬ አያቴ ሲባል እሱ ነው የሚመጣብኝ።»

 «ታዲያ ለምን ተቀበሏት?»

«አንተን መውሰድ ነበረብኛ! ገበያውን እንዳለ አስነሥተህ ያስለቀስህ ሰው ነህ። ግን ለግራዝማቹ ምን ልበላቸው? ‹ልጁ ይበልጣል› ብል የእህታቸውን ልጅ ሰደብሁ። ‹ዘመዴ ነው› ስላቸው ዝም አሉ። እናትህ ይህን ከሁላችንም ቀድማ አውቃዋለች። ስሙን ስጠራ እንደፈጠርሁት ዓይኔ ላይ አይታለች።»

«ስንት ዓመት ሙሉ... ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ላንድሮቨሩ ሳይነሣ ለመነችኝ። ‹በችሎታው መግባቱን ካወቀ ይኮራና ይሰንፋል፤ በዘመድ የገባ ከመሰለው ያፍርና ይተጋል። እኔን ይቀየመኝ፣ ግድ የለም› አለችኝ። እኔም ማልሁላት።»

ተነሥቼ ከቤት ወጣሁ። ደጁ ላይ ሴቶቹ እንደተደረደሩ፣ ዝም እንዳሉ ናቸው። መሐላቸው ገብቼ ቆምሁ። ጥሩንባ አልያዝሁም፤ ግን ጀመርሁ። እነሆ በታችኛው በር ገባች አልሁ። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ለማንም ሳትነግር ገበያ ልትወጣ ነው። እነሆ ከዳሱ ደረሰች፣ ጣቷን አጠፈች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ በሌለ አያት፣ በሌለ በቅሎ፣ ልጇን ከሞፈር አስጣለችው። ልጇ መስኮት ዘጋባት። እሺ ልጄ አለች።

ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሉኝ። የሬዲዮው ሰውም ከወንዶቹ ተርታ ተነሥተው እንደ ዘመድ አለቀሱ። ሱሪዬን እንደለበስሁ ነበር፤ አላፈርሁም።